በብዕር መተዳደር፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሳይቀጠሩ ለተለያዩ ደንበኞች በመጻፍ የሚገኝ ገቢ ኑሮን ሊያቆም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከጅማ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ስለሆነ መልሶቹም የአካባቢውን ሥራና ገበያ መሠረት አድርገው ተዘጋጅተዋል። ጠያቂዎቹ በጠየቁት መሠረት ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ግጥምና አጭር ልቦለድ እጽፋለሁ፤ ያነበቡልኝ ሰዎችም ሁልጊዜ ያበረታቱኛል። አሁን ማስተማሩን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለጽሑፍ ለመስጠት አስቤአለሁ። ባለቤቴ ግን “ሁለት ልጆች ይዘን በምን ልንኖር ነው?” ትለኛለች። እኔ ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው በፍሪላንስ ሥራ አያጣም ብዬ አምናለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ከጅማ፣ ሳር ሰፈር

መልስ፦ ባለቤትዎ ያነሱት ጥያቄ የሙያውን ዋና ችግር የነካ ስለሆነ መልሱን ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠው ወረቀት ላይ ቢሠሩት መልካም ነው። በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳው ደራስያን ብዙዎቹ የጻፉት በሌላ ሥራ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ በመጽሔትና በጋዜጣ አዘጋጅነት ቆይቶ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሷል፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም ለረጅም ዘመን በጋዜጠኝነት ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች ተሰጥኦ አንሷቸው አልነበረም የተቀጠሩት፤ ልቦለድና ግጥም የሚያስገቡት ገንዘብ ቢመጣም የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ ነው። ዛሬም አሳታሚ ያላገኘ ደራሲ የወረቀቱንና የማተሚያውን ዋጋ አስቀድሞ ከኪሱ ይከፍላል፤ አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ የራሱን ድርሻ ያነሳል፤ በየመደብሩ የተበተነው መጽሐፍ ተሸጦ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ድረስም ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ የፍሪላንስ ጽሑፍን የኑሮ መተዳደሪያ አድርገው ሲያስቡ፣ የሚወዱትን ልቦለድና ሰው አዝዞ የሚያጽፈውን ሥራ እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይያዟቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያኖርልዎ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጀመሪያው ሁለተኛውን ያኖራል ብሎ መጠበቅ ግን ቤተሰብን ችግር ላይ ይጥላል።

ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሥራ አያጣም በሚለው እምነትዎ ግን አልስማማም። የአማርኛ ጥራት ወደ ሥራው የሚያስገባ በር ነው እንጂ የሚከፈልበት ዕቃ አይደለም። ድርጅት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ለጸሐፊ ገንዘብ የሚከፍለው እነርሱ የሚያውቁትን፣ ነገር ግን ለሌላ ሰው ማስረዳት ያቃታቸውን ጉዳይ ተረድቶ የሚያስረዳላቸው ሰው ሲያገኙ ነው። አንድን ዘርፍ ከሥሩ የሚያውቅ ጸሐፊ ቅኔው ባያምርለት እንኳን ይፈለጋል፤ ስለ ሁሉም ነገር በጥቂቱ የሚጽፍ ግን ዋጋው ሁልጊዜ ሊወርድበት ይችላል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ሥራ በርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም።

እርስዎ የሚኖሩበት አካባቢ ለዚህ የተመቸ ነው። ቡናን እንውሰድ። በጎማ፣ በማና፣ በጌራ፣ በሊሙ ኮሳና በሊሙ ሰቃ ወረዳዎች የሚመረተው ቡና በአነስተኛ ገበሬዎች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በአቅራቢዎችና በላኪዎች እጅ ያልፋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ምርታቸውን ለገዢ የሚያስተዋውቅ፣ ለአባሎቻቸው ሪፖርት የሚያቀርብ ወይም ለገበሬ ሥልጠና የሚሆን ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። ገዢው ቡናው የበቀለበትን ቀበሌና ከፍታውን፣ የታጠበ መሆን አለመሆኑን፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ እንዴት እንደደረቀ ይጠይቃል። “ሊሙ” የሚለው ስም በገበያ ላይ በተለይ ከታጠበ ቡና ጋር፣ “ጅማ” የሚለው ደግሞ በአብዛኛው ከነገለባው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቡና ጋር ተያይዞ እንደሚታወቅ ያላወቀ ጸሐፊ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለሙያውን ያስቆጣዋል። እሸት (ትኩሱ የቡና ፍሬ) እና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀው) ምን እንደሆኑ፣ የተለቀመው እሸት ሳይውል ሳያድር ወደ መፈልፈያው መድረስ ያለበት ለምን እንደሆነ፣ ያልበሰለ ፍሬ ተቀላቅሎ ሲለቀም በቅምሻ ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ጸሐፊ ግን ከላኪው ጋር እኩል ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ትልቅ ሀብት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባውና ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ የገበሬውን ምርት ሲያወድም፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን የመምረጡ ሥራ በዋናነት የተካሄደው እዚያ ነው። ይህን የመሰለ የምርምር ውጤት ገበሬ አንብቦ ወይም ሰምቶ በሚረዳው ቋንቋ የሚያቀርብ ሰው ግን ከተመራማሪው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ቡና ካልሳበዎ ጤና አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ስለያዘ፣ በየቀበሌው የሚካሄዱ ጥናቶችና የጤና ትምህርቶች መጠይቅ፣ በራሪ ጽሑፍና የሬዲዮ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። የታሪክ ፍላጎት ያለው ሰው ደግሞ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና የከተማውን ሙዚየም መነሻ አድርጎ ለጎብኚና ለአስጎብኚ ድርጅት መጻፍ ይችላል፤ ይህኛው ግን እንደ ቡናው የማያቋርጥ ሥራ ስለማያመጣ ብቻውን ባይያዝ ይሻላል።

ስለዚህ ማስተማሩን አሁን አይልቀቁ። የሐምሌና የነሐሴን ዕረፍት አንድ ዘርፍ ለማጥናትና ማንም ሳያዝዝዎ ሦስት የሥራ ናሙናዎች ለማዘጋጀት ይጠቀሙበት፤ ለምሳሌ አንድ የገበሬ ታሪክ፣ አንድ ባለ ሁለት ገጽ የድርጅት ማስተዋወቂያና አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ቢሆኑ ሦስት ዓይነት ደንበኛ ዘንድ ሊያደርሱዎ ይችላሉ። ግጥምዎን ለደንበኛ እንደ ናሙና አይስጡ፤ ግጥሙ ምንም ያህል ቢያምር የቡና ላኪው ከእርሱ ምን እንደሚገዛ ሊያይበት አይችልም። ሥራ ሲጠይቁም “ጸሐፊ ነኝ፣ ሥራ ካላችሁ” ከማለት ይልቅ የድርጅቱን ያለፈ ጽሑፍ አንብበው የጎደለውን አንድ ነገር ለይተውና ያንን እንዴት እንደሚሞሉት ጽፈው ይሂዱ። ትምህርት ሲከፈት በሳምንት መጨረሻና በማታ የሚችሉትን ያህል ሥራ ይቀበሉ። የስድስት ወር የቤት ወጪ በባንክ ካስቀመጡ፣ ከአንድ በላይ የሆኑ ደንበኞችም ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ተመልሰው ከመጡ፣ ያኔ ስለ መልቀቅ ከባለቤትዎ ጋር ቢነጋገሩ ውይይቱ በተስፋ ሳይሆን በቁጥር ላይ ይሆናል። አለበለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት በጋዜጠኝነት ተመርቄ በግሌ እየጻፍኩ ነው። አንድ የንግድ ድርጅት የድርጅቱን ታሪክና የምርቱን መግለጫ እንድጽፍለት በስልክ ጠይቆኝ፣ ሠራተኞቹንና ገበሬዎችን አነጋግሬ ጽፌ ሰጠሁ። ጽሑፉን አሳጥረውና አንዳንዱን ቦታ ለውጠው ያለ ስሜ አሳትመውታል፤ ገንዘቡን ግን “በሚቀጥለው ሳምንት” እያሉ አራት ወር አለፈ። በጽሑፍ የተፈራረምነው ነገር የለም። መብቴ ምንድን ነው? ወደፊትስ ዋጋዬን እንዴት ልተምን?
ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ የደረሰብዎ በደል በሙያው ውስጥ በብዛት የሚታይ ነው፤ የበዛውም ጸሐፊው ገንዘብ መጠየቅን እንደ ነውር ስለሚያይና ደንበኛውም ይህን ስለሚያውቅ ነው። ሠርተው ያስረከቡትን መጠየቅ ልመና አይደለም።

በመጀመሪያ ክፍያውን እንመልከት። በጽሑፍ የተፈረመ ውል ባይኖርም ስምምነት አልነበረም ማለት አይደለም፤ የጎደለው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ያለዎትን ሁሉ ይሰብስቡ፦ የስልክ መልእክቶችን፣ በቴሌግራም የላኩትን ረቂቅና የተላከበትን ቀን፣ እርማት የጠየቁበትን መልእክት፣ ቃለ መጠይቅ ያደረጉላቸውን ሰዎች ዝርዝርና የታተመውን ጽሑፍ ቅጂ። ቀጥሎ ለድርጅቱ ኃላፊ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ግዴታውን ባልፈጸመ ተዋዋይ ላይ መብት ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን በመሠረቱ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ሳይከፍል የዘገየ ሰውም ከማስጠንቀቂያው በኋላ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሊታሰብበት እንደሚችል ይደነግጋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ምን እንደሠሩ፣ መቼ እንዳስረከቡ፣ ስንት ብር እንደተስማማችሁና እስከ የትኛው ቀን እንዲከፈልዎ እንደሚጠይቁ ብቻ ይግለጹ፤ ቅሬታና ቁጣ አይጨምሩበት። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ መቀበላቸውን ያስፈርሙ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይቋጫል፤ ምክንያቱም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሲገባ ሒሳብ ክፍሉ መልስ የመስጠት ግዴታ ይሰማዋል። ካልተቋጨ የከተማው ሽማግሌዎች ወይም ፍርድ ቤት ይቀራሉ፤ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ወደ ስምዎ ስንመጣ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ዓይነት መብቶችን ይለያል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ሲሆን ጽሑፉን የማባዛት፣ የማሰራጨትና የመተርጎም መብትን ይጨምራል። ይህ መብት በመርህ ደረጃ የጸሐፊው ቢሆንም፣ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሲሆን ሌላ ስምምነት ከሌለ ወደ አሠሪው ወይም ወደ አዛዡ ይሄዳል። ብዙ ጸሐፊዎች የማያውቁት ይህንን ነው፤ “ውል ስላልፈረምኩ ጽሑፉ የእኔ ነው” የሚለው አስተሳሰብ በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ አያገለግልም። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ቢሆን ጸሐፊው የሥራው ደራሲ ተብሎ የመታወቅና ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሥራው ሲለወጥ የመቃወም መብት አለው። ስለዚህ ድርጅቱን ስምዎ እንዲጠቀስ ሊጠይቁት ይችላሉ። ይሁን እንጂ በማስተዋወቂያ ጽሑፍ ላይ የጸሐፊ ስም አለመውጣቱ የተለመደ መሆኑን ማወቅ ይበጃል፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ ስምዎ እንዲወጣ ከመሟገት ይልቅ ጽሑፉን በሥራ ናሙናነት ለሌሎች ለማሳየት የጽሑፍ ፈቃድ ቢቀበሉ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

ወደፊት ለሚሠሩት ሥራ ሁሉ፣ ደንበኛው የቅርብ ዘመድ እንኳን ቢሆን፣ አንድ ገጽ ውል ይኑር። በውሉ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ስንት ገጽ ወይም ስንት ቃል እንደሚሆን፣ በየትኛው ቀን እንደሚቀርብ፣ ደንበኛው እርማት የሚጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ እርማት ስንት እንደሚከፈል፣ ጽሑፉ የት የት እንደሚታተም፣ መብቱ ለማን እንደሚተላለፍና ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ይገለጽ። የእርማቱን ቁጥር ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ “ይህችን ብቻ ቀይሪልን” እየተባለ ወር የፈጀ ሥራ ዋጋው መልካም ቢሆን እንኳን ኪሳራ ነው። ድርጅቱ ቢጋር፣ ማለትም የሥራውን ዓላማና ዝርዝር የሚገልጽ ሰነድ፣ ካለው ቢጋሩን ከውሉ ጋር አያይዙት። ሥራ ሲጀምሩ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ ሲሶውን ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ፤ በጌራ ወይም በሊሙ ሰቃ ገበሬ ለማነጋገር የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የአዳር ወጪ ደግሞ ከክፍያው ውጭ በተናጠል ይያዝ። ቅድሚያ ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር ከተቀበሉ ገንዘቡ የገባበት ቀንና የላኪው ስም ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ ክፍያው ራሱ የስምምነቱ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ሌላው ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቆ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይተምናል። ይህ አካሄድ ሁሉንም አብሮ ያወርዳል። የራስዎን ስሌት ከኑሮዎ ይጀምሩ። ለምሳሌ በወር ቤት ኪራይን፣ ምግብን፣ ኢንተርኔትንና ቁጠባን ጨምሮ 24,000 ብር ያስፈልግዎታል እንበል። በወር ውስጥ ያሉትን የሥራ ቀናት ሁሉ ገንዘብ በሚያስገኝ ጽሑፍ ላይ ሊያውሉ አይችሉም፤ ከፊሉ ሥራ በመፈለግ፣ ደንበኛ በማነጋገርና ያልተከፈለ ገንዘብ በመከታተል ያልፋል። ለጽሑፍ የሚተርፉት 12 ቀናት ቢሆኑ የአንድ ቀንዎ ዋጋ 2,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቀን ለቃለ መጠይቅ፣ ሁለት ቀን ለመጻፍና አንድ ቀን ለእርማት የሚወስድ ጽሑፍ በዚህ ስሌት ከ8,000 ብር በታች ሊሆን አይገባውም። የእርስዎ ቁጥሮች ሌላ ይሆናሉ፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ደንበኛው ዋጋው በዛብኝ ሲል ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ ሥራውን ይቀንሱ፤ አምስት ሰው ማነጋገር የነበረበት ጽሑፍ በሁለት ሰው ሊሠራ፣ ስምንት ገጹም ወደ አራት ሊወርድ ይችላል። ያለ ምክንያት ዋጋ የቀነሰ ጸሐፊ የመጀመሪያው ዋጋው እውነተኛ እንዳልነበረ መናገሩ ነው፤ ደንበኛውም ይህን ይይዝበታል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቶች ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ካላመጣህ አንከፍልም ይሉኛል። ለአንድ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል?
ከሰቃ ጨቆርሳ

መልስ፦ ያስፈልገዋል። ሒሳብ የሚመረመርበት ድርጅት ያለ ሰነድ ወጪ ማድረግ ስለማይችል፣ ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና ለሙያው የሚሆን የንግድ ፈቃድ የሌለው ጸሐፊ ትልልቆቹን ሥራዎች በሙሉ ያጣል፤ ቢያገኝም ከክፍያው ላይ የሚቀነስበት ግብር ይበዛል። ድርጅቱ ከክፍያዎ ላይ ቅድመ ግብር ሲቀንስ የተቀነሰበትን ደረሰኝ መቀበልዎን አይርሱ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍሉት ግብር ላይ የሚታሰብልዎ በዚያ ማስረጃ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የአሁኑን ምጣኔ በአካባቢዎ ካለው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይያዙ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 እንደሚዘጋም ያስታውሱ፤ በግንቦትና በሰኔ የሚመጣ ሥራ ብዙ ነው፣ ሰነዱ ያልተሟላ ጸሐፊ ክፍያ ግን ወደሚቀጥለው ዓመት ይንከባለላል።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ባለ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ከዚያ ጎን ለጎንም ለሰዎች እጽፋለሁ። ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሙሉ በሙሉ እንድጽፍላቸው ይጠይቁኛል። ክፍያው ከሌላው ሥራ ሁሉ ይበልጣል። አንዳንዶች ስህተት ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን የሠራሁበትን ነው የምቀበለው። ምን ይላሉ?
ከጅማ

መልስ፦ አይቀበሉት። መመረቂያ ጽሑፍ የአንድ ሰው ችሎታ የሚመሰከርበት ሰነድ ነው፤ እርስዎ ጽፈው ሌላ ሰው ሲመረቅበት ነርስ፣ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ሆኖ የሚሰማራው ያልተማረውን ተማርኩ ብሎ ነው፤ ጉዳቱም የሚደርሰው እርስዎም እኔም በምንታከምበትና ልጆቻችን በሚማሩበት ቦታ ነው። ይህ ለእኔ ከገንዘቡ በፊት የሚቀድም ምክንያት ነው። በሙያ በኩል ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስምዎን ማውጣት የማይችሉበት፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ በናሙናነት የማያሳዩት፣ ክፍያውን ቢከለከሉም በማንም ፊት ቆመው የማይጠይቁበት ነው። አንድ ተማሪ ቢጋለጥ የእርስዎም ስም አብሮ ይነሳል፤ ጅማ ደግሞ ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም።

ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር የሚሠራ ንጹሕና የሚከፈልበት ሥራ ግን ሞልቷል። ተማሪው ራሱ የጻፈውን የቋንቋ እርማት መሥራት፣ መጠይቅን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎምና ትርጉሙን መልሶ በሌላ ሰው አስተርጉሞ ማመሳከር፣ በድምፅ የተቀዳ ቃለ መጠይቅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የተጠናቀቀ ጥናትን ለሕዝብ በሚሆን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ማሳጠር ሁሉም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ድንበሩ ግልጽ ነው፦ ሐሳቡ፣ መረጃውና ትንታኔው የተማሪው ይሁን፤ የእርስዎ ሥራ ሐሳቡ በትክክል እንዲነበብ ማድረግ ነው። እርማት ሲቀበሉ ለውጦቹ በሚታዩበት መንገድ ሠርተው ቢመልሱ፣ አማካሪ መምህሩ ቢጠይቅም ምን እንደሠሩ ሳይሸማቀቁ ማሳየት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት በአጋሮ ነው፤ በቤት የምንናገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤትና በገበያ ነው። መጻፍ እወዳለሁ፤ ነገር ግን አማርኛዬ እንደ አዲስ አበባዎቹ ስላልሆነ ለአማርኛ መጽሔት መጻፍ እፈራለሁ።
ከአጋሮ

መልስ፦ የሚፈሩት ነገር ትልቁ ሀብትዎ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጸሐፊ የጎማን ገበሬ የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመልሱን ፍሬ ሐሳብ ብቻ ይነግረዋል፤ ገበሬው ያነሳው ተረት፣ የቀለደው ቀልድ፣ ሲናገር ያመነታበት ቦታ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። እርስዎ ግን በራሱ ቋንቋ ጠይቀው በራሱ ቋንቋ ሰምተው በአማርኛ ሲጽፉት፣ ሌላው ሊያገኘው የማይችለውን ጽሑፍ ያቀርባሉ። የሰዋስው ስህተትን አርታኢ ያርመዋል፤ ያልተሰማን ቃል ግን ማንም አርታኢ ሊጨምርልዎ አይችልም። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የአስተዳደር ቋንቋ ሆኖ ስለሚሠራበት፣ በሁለቱም ቋንቋዎች አቀላጥፎ የሚጽፍ ሰው በጅማ ዞን ሥራ የሚያገኝበት ዕድል አንዱን ብቻ ከሚያውቀው እጅግ ይሰፋል።

አንድ ምክር ግን አለኝ። ትርጉም ሲሰጥዎ ጽሑፉን ከማስረከብዎ በፊት ለሚመለከተው ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት። ስለ ወባ ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት የተጻፈ በራሪ ወረቀት ከሆነ ለአንዲት እናት፣ ስለ ቡና ማድረቂያ ከሆነ ለአንድ ገበሬ ያንብቡና ምን እንደተረዱ በራሳቸው ቃል እንዲነግሩዎ ይጠይቁ። ሲነግሩዎ የተጣመመ ነገር ካለ ጥፋቱ የጽሑፉ ስለሆነ መልሰው ይጻፉት። ይህን ማድረግዎን ለደንበኛዎም ይንገሩት፤ ለምን ከሌላው የሚበልጥ ዋጋ እንደሚጠይቁ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ከጅማ ሆኜ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ደንበኞች መጻፍ እችላለሁ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲህ በደቂቃ በሚጽፍበት ዘመንስ ሙያው ዕድሜ አለው?
ከጅማ፣ ቆጪ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን ማንም ከየትም ሆኖ ሊጽፈው የሚችለውን አጠቃላይ ጽሑፍ ይዘው አይግቡ፤ በዚያ ገበያ ዋጋውን ከዓለም ሁሉ ጋር ነው የሚወዳደሩት፤ ማሽኑም ቀድሞ የወሰደው ያንኑ ነው። በለተ ጌራ ደን ውስጥ ቡና የሚለቅም ገበሬን በቦታው ተገኝቶ ማነጋገር፣ የነገረውን ከወረዳው ባለሙያ ጋር ማመሳከርና በስሙ ኃላፊነት ወስዶ መጻፍ ግን ማሽኑ የማይሠራው ሥራ ስለሆነ፣ የውጭ አገር ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶችና መጽሔቶች ከእርስዎ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። መሣሪያውን ለመዋቅር ወይም ለእርማት ከተጠቀሙበት ደንበኛው ይወቅ፤ ያወጣልዎትን ቁጥር፣ ቀንና ስም ግን ከራሱ ከምንጩ ሳያረጋግጡ አንድም ቦታ አያስገቡ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ደንበኛው የሚጠቀምበት የመክፈያ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ገንዘብ ማስገባት መቻሉን ከባንክዎ ያረጋግጡ፤ በሌላ አገር የሚሠራ መንገድ ሁሉ እዚህ አይሠራም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በውጭ ገንዘብ ተስማምተው በብር ሲቀበሉ የየትኛው ቀን ተመን እንደሚታሰብና የማስተላለፊያው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ በውሉ ውስጥ ይካተት። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጡባት ከተማ ስለምንኖር ለደንበኛው የሚሰጡት የማስረከቢያ ቀን ራስዎ ከሚጨርሱበት ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይሁን፤ የጽሑፉንም ቅጂ ከኮምፒውተሩ በተጨማሪ በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።